ቀልቡ የሚበተን ተማሪን እንዴት እናስጠናው?

ቤት ውስጥ የሚሠራውን ሂሳብ ፈተና ላይ መደመሩን መቀነስ ብሎ አንብቦ ይሳሳታል። ከብት ሲጠብቅ ጥጃው ሰው ማሳ ይገባበታል። ኳስ ሲያይ ግን ከመቀመጫው አይነቃነቅም። ሰፈሩ «ቀልበ ቢስ» ይለዋል፤ ኳሱ ላይ ያየው ደግሞ «ሲፈልግማ ይችላል» ይላል። ኤዲኤችዲ (ትኩረትን የመሰብሰብና የመረጋጋት ችግር) ያለበት ልጅ የሚፈረድበት በዚህ ነው። የሚደክመው ትኩረቱን ወደታዘዘው ነገር ማዞር፣ የሰማውን ለአፍታ በጭንቅላቱ ይዞ መሥራትና የጊዜን ማለፍ ማወቅ ላይ ነው። ስለዚህ በጭንቅላቱ መያዝ ያቃተውን ዓይኑ ፊት እናስቀምጥለታለን።

መጀመሪያ ኤዲኤችዲ መሆኑ ይጣራ። ምልክቶቹ ከ12 ዓመት ዕድሜ በፊት የጀመሩ፣ ቢያንስ 6 ወር የቆዩ፣ ቤትም ትምህርት ቤትም የሚታዩ መሆን አለባቸው። ክፍል ውስጥ ብቻ ከሆነ ዓይኑንና ጆሮውን አስመርምሩ። የእንቅልፍ ማነስና የደም ማነስም ልጅን ያፈዛሉ። ለጥቂት ሰከንዶች ፈዝዞ ሲጠሩት የማይሰማ ከሆነ የሚጥል በሽታ ዓይነት ሊሆን ስለሚችል አትዘግዩ። የማትረብሽ ግን ፈዝዛ የምትውል ሴት ልጅ ብዙ ጊዜ ትዘለላለች፤ እሷንም አስቡ። ባሕር ዳር ፈለገ ሕይወት ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ክፍል አለ፤ ስትሄዱ ደብተሮቹንና የመምህሩን አስተያየት በጽሑፍ ያዙ። ጸበል የሚወስድ ይውሰድ፤ ሐኪሙን ግን አይተውበት።

ቦታው ከበርና ከስልክ የራቀ፣ ፊቱ ወደ ግድግዳ የዞረ ይሁን።

ዋናው ጣጣ ማስጀመሩ ላይ ነው። «ሂድ አጥና» ለዚህ ልጅ ትእዛዝ አይሆንለትም፤ ከየት እንደሚነሳ አያውቀውምና ደብተሩን ከፍቶ እርሳስ ሲቀርጽ ይመሻል። «ባዮሎጂ ገጽ 42 ክፈት፤ የመጀመሪያዎቹን 3 ጥያቄዎች ቁጥር ወረቀት ላይ ጻፍ» ይባል። የመጀመሪያዋ ሥራ ከ2 ደቂቃ አትብለጥ፤ እጁ ከጀመረ በኋላ ያለው ይቀላል። በዚያ ሰዓት አንድ ትልቅ ሰው አጠገቡ ይቀመጥ። ማስተማር አይጠበቅበትም፤ እናት ጥጥ እየፈተለች ወይም ምስር እየለቀመች ብትቀመጥ ይበቃል። ቆሞ መቆጣጠር ግን ልጁን ያስበረግገዋል።

ቀጥሎ 15 ደቂቃ ጥናት፣ 5 ደቂቃ ዕረፍት። ባለ ዘንግ የግድግዳ ሰዓት ከስልክ ይሻላል፤ የቀረው ጊዜ በዓይን ይታያል። ሰዓት ከሌለ ቡና ሲፈላ ከአቦል እስከ ቶና ያለው ጊዜ አንድ ዙር ይሁን። በ8ኛው ደቂቃ ቀልቡ ከሄደ ዙሩን ወደ 8 አውርዱት እንጂ ልጁን አትቆጡት። በዕረፍቱ ውኃ ይቅዳ፣ እንጨት ይፍለጥ፤ ስልክ ከተሰጠው ያ ዕረፍት አያልቅም። አንድ ነገር ደግሞ ብዙ ወላጅ ያታልላል፤ መጀመሪያው ቀን በጣም ያምራል። አዲስ ነገር ስለሚስበው ነው። ሲሰለቸው «አስመሰለ» አይባል፤ የትምህርቱን ቅደም ተከተል ወይም የመቀመጫውን ቦታ ቀይሩለት።

ድምፅ አውጥቶ ማንበብ ዝም ብሎ ከማንበብ ይበልጥለታል። የቤተ ክህነት ትምህርት ቦታዎቹን ዋሸራንና ዲማን ያፈራ አገር ይህን አያጣውም፤ የፊደል ተማሪ በስንደዶ እያመለከተ ይጮኻል፣ የኔታ የሳተውን እዚያው ያርሙታል። ለጂኦግራፊም ስንደዶው ይሠራል። ወዲያ ወዲህ እያለ ቢያነብም አትከልክሉት።

ፈተና ላይ የመደመርና የመቀነስ ምልክቶቹን መጀመሪያ ያክብብ። በየ5 ጥያቄው የጥያቄውና የመልስ መስጫው ቁጥር መገናኘቱን ያስተያይ፤ አንድ መስመር ዘሎ ማጥቆር የታች መልሶቹን ሁሉ ይዞ ይሄዳል። ለፈተና ቀን የስልክ ማንቂያ ስትሞሉ ደግሞ ስልኩ በፈረንጅ ሰዓት ከሆነ የጠዋቱ 12 በእሱ 6 ነው። ቀላል ይመስላል፤ የሚያስቀረው ግን ይኸው ነው።

አድጎ ሥራ ሲይዝም መንገዱ ያው ነው። አለቃ ቆሞ የነገረውን መልሶ ማለትና ወዲያው መጻፍ፤ የወር ሪፖርትን በየሳምንቱ ከፍሎ የሚጠይቅ ባልደረባ ማበጀት፤ ባለሱቅ ከሆነ ዱቤውን ዕቃው ከመውጣቱ በፊት መጻፍ።

ሜቲልፌኒዴት የሚባለው መድኃኒት ለብዙዎች ይረዳል፤ የምግብ ፍላጎትና እንቅልፍ ሊቀንስ ስለሚችል ሐኪም ያዘዘውና የሚከታተለው ብቻ ይወሰድ። ለወንድም ወይም ለጓደኛ አይካፈልም። በጫት ማጥናት ደግሞ እንቅልፉን ወስዶ የማግስቱን ትኩረት ያባብሰዋል፤ 12ኛ ክፍል ላይ በጥናት ሰበብ የሚጀምር ተማሪ ስላለ ከዚያ በፊት በግልጽ ንገሩት።