ግረናሽ ስትቀምሱ በቀለሙ እንዳትፈርዱበት

ቀይ ወይን የምትወዱ፣ ግረናሽ (በዚሁ ስም ከሚጠራ የወይን ፍሬ የሚሰራ ቀይ ወይን) ከገዛችሁ ከመክፈታችሁ በፊት 20 ደቂቃ ያህል ፍሪጅ ውስጥ ክተቱት። ቀይ ወይን ፍሪጅ አይገባም የሚባለውን እርሱት፣ ግረናሽ ዘግይቶ በሙቀት የሚበስል ፍሬ ስለሆነ ስኳሩ ይበዛል ስኳሩ ደግሞ ወደ አልኮል ይለወጣል፣ ብዙ ጊዜ 14 እና 15 ፐርሰንት ይደርሳል፣ ሞቅ ካለ አፍንጫችሁን የሚመታው አልኮሉ ብቻ ነው፣ ወደ 16 ዲግሪ ሲወርድ ግን እንጆሪው፣ ነጭ ቁንዶ በርበሬው፣ ደረቅ ቅጠላ ቅጠሉ ብቅ ብቅ ይላል።

ከዛ ብርጭቆውን ነጭ ወረቀት ላይ ዘንበል አርጋችሁ እዩት። ቀለሙ ሳሳ ካለ ብዙ ሰው ውሃ የበዛበት ይመስለዋል፣ በፍፁም፣ የፍሬው ቆዳ ስስ ስለሆነ ነው። ዋናው ጠርዙ ነው፤ ግረናሽን አየር ቶሎ ይጎዳዋል፣ ስለዚህ የቅርብ አመት ሆኖ ጠርዙ ቡኒ ካለና ተቆርጦ የቆየ ፖም የሚመስል ሽታ ካለው ተበላሽቷል ማለት ነው። ያረጀ ከሆነ ግን ወደ ጡብ ቀለም መሄዱ ያለ ነገር ነው።

ከዋጣችሁ በኋላ ትንሽ ጠብቁ። ጉሮሮ ላይ የሚቀረው ማቃጠሉ ነው ወይስ ፍሬው? ለኔ ጥሩውን ከተራው የምለየው እዚህ ላይ ነው።

ለመጀመር የስፔኑን ጋርናቻ ፈልጉ፣ ያው ራሱ ፍሬ ነው፣ የካላታዩድ ወይም የካምፖ ዴ ቦርኻ (ሁለቱም የስፔን የወይን አካባቢዎች ናቸው) ከፈረንሳዩ ሻቶኔፍ ዱ ፓፕ በዋጋ በጣም ይቀንሳል፣ ሻቶኔፍ ደግሞ ብዙ ጊዜ ሲራና ሙርቬድር ከሚባሉ ሌሎች የወይን ፍሬዎች ጋር ስለሚደባለቅ ግረናሹን ለብቻው ለመለየት ያስቸግራል።