ቅሬ ላይ ደጋግሜ ያየኋቸው ስህተቶች

ደሴ ውስጥ የሰፈራችን ቅሬ ጸሐፊ ሆኜ ብዙ ዓመት አገልግያለሁ። ሌላው አገር እድር የሚለው ነው። የኛ ቅሬ ላይ ሙስሊሙም ክርስቲያኑም በአንድ መዝገብ ይጻፋል፤ አንዱ ሲሞት ሁሉም ይወጣል። ይኼን የምጽፈው አዲስ ለምትገቡ ወጣቶች ነው።

አንቱታን በልብስ አትለኩ። ለቅሶ ቤት ሱፍ የለበሰ ሲገባ ከወንበር ትነሳላችሁ። ጉድጓድ ሲቆፍር የዋለው ሽማግሌ እግሩ ጭቃ እንደሆነ ሲገባ ግን “ኖር” የሚለው የለም። ይኼ ያንገበግበኛል።

ምርቃት ሳያልቅ ስልክ አታንሱ።

ድግስ ላይ ያለው ስህተት ደግሞ ብዙውን ጊዜ ከችኮላ ነው። የሙስሊሙን ሙስሊም፣ የክርስቲያኑን ክርስቲያን ያርዳል። ቢላውም ድስቱም ለየብቻ ነው። ይኼን ሁሉ ተጠንቅቀን ጭልፋ ላይ እንሳሳታለን። አንድ ሠርግ ላይ አንድ ልጅ ከአንዱ ድስት ያወጣውን ጭልፋ ሌላው ውስጥ ከተተው። ክርስቲያኗ ባለቤት አየችው። አልጮኸችበትም። ድስቱን አንስታ ወደ ጓዳ ወሰደችና ሙስሊም እንግዶቿ ዘንድ ሄዳ የሆነውን ራሷ ነገረቻቸው። ከእንግዶቹ ያየ አልነበረም፤ ዝም ብትል ያልፍ ነበር። በምስር ወጥ በሉ፣ መርቀዋትም ሄዱ። እኔ ከዚያ ወዲህ የጭልፋ እጀታ ላይ ቀይ ክር አስራለሁ።

እንግዳንም በር ላይ “ሃይማኖትህ ምንድን ነው?” አትበሉት። ወሎ ላይ ስም ብቻ ሰምታችሁም አትገምቱ፤ አባቱ መሐመድ የሚባል ክርስቲያን ሞልቷል። “የሁለቱም አለ፣ በየትኛው እናቅርብ?” ካላችሁ ይበቃል።

አሁን ወደ ዋናው ልምጣ። መዋጮ ያልከፈለን ሰው ስም በሰው ፊት አትጥሩ። እኔ አድርጌዋለሁ። ባሏ የሞተባት አንዲት እናት የ3 ወር ነበረባት። ስሟን ሳነብ ነጠላዋን ወደ ፊቷ ሳብ አደረገች። አንድ ቃል አልወጣትም። በሳምንቱ ገንዘቡን በልጇ ላከች፤ እሷ ግን ከስብሰባ ቀረች። ቤቷ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅኋት። ቡና አፈላችልኝ፣ “አብሽር ወንድሜ” አለችኝ። ስብሰባ ግን እስከ ዛሬ አልተመለሰችም።

እናንተ ደግሞ ስም ዝርዝሩን ቴሌግራም ላይ ትለጥፋላችሁ! “ግልጽነት ነው” ትሉኛላችሁ። ገቢና ወጪውን ለጥፉ፣ ደረሰኙን ለጥፉ፣ እሱ ነው ግልጽነት። የቸገረው ሰው ምን አደረጋችሁ? መዋጮ እኮ የሚሰበሰበው እሱ ሲቸግረው እንድንደርስለት ነው። መሸት ሲል ቤቱ ሂዱ። ግቡ ሲላችሁ ግቡ፣ ቁጭ በሉ፣ ጤናውን ጠይቁ። ብዙ ጊዜ ነገሩን ራሱ ያነሳዋል። ካላነሳው በሌላ ቀን ተመለሱ።

ቀብር ላልደረሳችሁም አንድ ነገር ልበል። የሙስሊም ቀብር አብዛኛውን ጊዜ በዕለቱ ያልቃል። ከአዲስ አበባ 400 ኪሎ ሜትር መጥቶ የሚደርስ ጥቂት ነው፤ ማንም አይቀየማችሁም። የሚያስቀይመው “አለፈኝ” ብላችሁ ከነጭራሹ ስትቀሩ ነው። በወሩም ቢሆን ሂዱ። ሰበብ አትደርድሩ። ሟቹ ያደረገላችሁን አንድ ነገር አንስታችሁ ለልጆቹ ንገሯቸው።