«ሴንተር ይገዛልን!» ከማለታችን በፊት፦ ችግርና መፍትሄ

የአርሰናል ደጋፊ ይህን በሽታ አሳምሮ ያውቀዋል። ለዓመታት «9 ቁጥር ይገዛልን» ሲል ነው የኖረው። በቅርጫት ኳስ ደግሞ ጩኸቱ «ሴንተር ይገዛልን» ነው፤ ሴንተር ማለት ቀለበቱ ሥር የሚጫወተው ረጅሙ ሰው ነው። ቡድን በተሸነፈ ማግስት ደጋፊው ሁሉ ጀነራል ማናጀር (ተጫዋች የሚያስመጣና የሚሸኝ ኃላፊ) ይሆናል። እኔም፣ ከሎስ አንጀለስ የሚደውልልኝ የአክስቴ ልጅም ከዚህ ነፃ አይደለንም። ሁለታችንም የሎስ አንጀለሱ የኤንቢኤ ቡድን የሌከርስ ደጋፊዎች ነን።

ግን «ሴንተር የለንም» ማለት ሐኪም ፊት ቀርቦ «አሞኛል» እንደማለት ነው። የቱ ጋ ነው የሚያምህ? መድኃኒቱ እንደ ሕመሙ ይለያያል። አንዳንዱ ጭራሽ ግዢ አያስፈልገውም።

ምልክት፦ ሪባውንዱ ሁሉ የእነሱ ነው

እ.ኤ.አ. 2025፣ የፕሌይኦፍ (የዋንጫ ጥሎ ማለፍ) የመጀመሪያ ዙር፣ ሌከርስ ከሚኒሶታ፣ 5ኛው ጨዋታ። እዚህ አዲስ አበባ ሜይ ዴይ ስለነበር ሥራ የለም። ሌሊት 11 ሰዓት ገደማ ተነስቼ ሻይ አፍልቼ ተቀመጥኩ። ሚኒሶታዎች በዚያ ጨዋታ 47 የሦስት ነጥብ ኳስ ሞክረው ያስገቡት 7 ብቻ ነው። እንዲህ የሳተ ቡድን ተሸንፎ ነው የሚወጣው። እነሱ ግን 103 ለ 96 አሸነፉና ሌከርስን በጠቅላላው 4 ጨዋታ ለ 1 አሰናበቱት።

እንዴት? የሚኒሶታው ሴንተር ሩዲ ጎቤር። 27 ነጥብና 24 ሪባውንድ (ተስቶ የነጠረ ኳስ መያዝ)። አንዱ ይስታል፣ ኳሷ ትነጥራለች፣ ከሰዎች ጭንቅላት በላይ አንድ ረጅም እጅ ይወጣል። ያው እጅ መልሶ ያስገባታል። ሻዬ ቀዝቅዞ ቀረ።

ምክንያቱን ሁላችንም እናውቀዋለን። ሌከርስ በየካቲት ወር አንቶኒ ዴቪስን ለዳላስ ሰጥቶ ሉካ ዶንቺችን አምጥቷል። እንዲህ ያለ ዕድል ሲመጣ ዓይን አይታሽም፤ እኔም ብሆን አደርገው ነበር። ግን የቤቱ ምሰሶ አብሮ ሄደ። የቀረው ዋና ሴንተር ጃክሰን ሄይስ ነበር፣ እሱም የአሰልጣኝ ጄጄ ሬዲክን እምነት አላገኘም። በ4ኛው ጨዋታ ሬዲክ ሁለተኛውን አጋማሽ ሙሉ ያለ እውነተኛ ሴንተር፣ ማንንም ሳይቀይር በአምስት ሰው ብቻ ጨረሰው። ያንንም ተሸነፍን።

እንግዲህ መፍትሄው ረጅም ሰው መግዛት ነው? እዚህ ላይ ቁመት ችግር ነበር፤ አዎ። ሁልጊዜ ግን አይደለም። በቀላሉ መመርመር ይቻላል። ኳስ ወደ ቀለበት ስትለቀቅ ዓይንህን ከኳሷ ላይ አንሳና ሰዎቹን ተመልከት። የእኛ ልጆች ዞረው ባላጋራቸውን በጀርባቸው ይገፋሉ ወይስ ቆመው ሰማይ ያያሉ? ሌላው ደግሞ ኳሷ የምትወድቅበት ቦታ ነው። ከሩቅ የተሳተ ኳስ ርቆ ይነጥራል፣ አንዳንዴም ቅጣት ምት መምቻው አካባቢ ይወድቃል። እዚያ የሚወሰድብህ ከሆነ ጥፋቱ የጋርዶችህ (ከፊት ሆነው ኳስ የሚያንቀሳቅሱት አጠር ያሉ ተጫዋቾች) ነው፣ 2 ሜትር ከ16 የሆነ ሰው ብታመጣም አያድንህም። ከጭንቅላትህ በላይ የሚወሰድብህ ከሆነ ግን በቃ፣ ሰው ፈልግ።

ኦክላሆማ ሲቲ ሰው ፈለገ። በ2024 57 ጨዋታ አሸንፎ፣ በምዕራቡ ምድብ አንደኛ ሆኖ ገባና በሁለተኛው ዙር በዳላስ 4 ለ 2 ወጣ። ሴንተራቸው ቼት ሆልምግረን ጎበዝ ነው፣ ግን ቀጭን ነው። በዚያው ክረምት አይዛያ ሃርተንስታይንን በ3 ዓመት 87 ሚሊዮን ዶላር አስፈረሙ። በቀጣዩ ዓመት 68 ጨዋታ አሸንፈው ዋንጫውን ወሰዱ። ልብ በሉ፣ ለሃርተንስታይን ትሬድ (የተጫዋች ልውውጥ) አልተደረገም። ውሉ ያለቀ ተጫዋች ስለነበር አንድም ሰው፣ አንድም የድራፍት ምርጫ (አዳዲስ ወጣቶችን በተራ የመምረጥ መብት) አልተሰጠበትም። «ማንን ሰጥተን ማንን እናምጣ» ብለን ስንጨቃጨቅ ይቺን መንገድ እንረሳታለን።

ምልክት፦ ቀለበቱ ሥር እንደ ቤታቸው ይገባሉ

ይሄኛው አጭር ነው። አብዛኛውን ጊዜ ሴንተሩ ይሰደባል፣ በር የከፈተው ግን ፊት ያለው ጋርድ ነው። የተቀናቃኝ ጋርድ ያንተን ሰው በአንድ እርምጃ ጥሎት እየመጣ ከሆነ ሴንተርህ ከሁለት መጥፎ ነገር አንዱን ነው የሚመርጠው፤ ወይ ወጥቶ ይጋፈጠውና የራሱን ሰው ነፃ ይተዋል፣ ወይ ፋውል ይሠራል። ጨዋታው 10 ደቂቃ ሳይሞላ ሁለት ፋውል ያለበት ሴንተር ካየህ መጀመሪያ ጋርዱን ጠርጥር። ጠንካራ ተከላካይ ጋርድ ደግሞ ከሴንተር ይረክሳል።

ምልክት፦ ኳስ አቀባይ አለን፣ ተቀባይ የለንም

ሉካን በዳላስ ያየ ሰው ይሄ ይገባዋል። ፒክ ኤንድ ሮል ይጫወታል (ጓደኛው ተከላካዩን ይጋርድለትና ወደ ቀለበቱ ይሮጣል)፣ ሁለት ሰው ይከበዋል፣ ኳሷን ወደ ላይ ይወረውራታል። ዴሪክ ላይቭሊ ወይም ዳንኤል ጋፎርድ አየር ላይ ተቀብሎ ዳንክ ያደርጋታል። ጋፎርድን ዳላስ ያመጣው በየካቲት 2024 ከዋሽንግተን ነው፤ ከወራት በኋላ ፍጻሜ ደረሱ። ጋፎርድ ስሙ ፖስተር ላይ የሚወጣ ተጫዋች አልነበረም። ግን በትክክል የጎደለውን ነገር ይሠራ ነበር፤ ይሮጣል፣ ይዘላል፣ ይቀበላል።

ስለዚህ ሕመምህ ይሄ ከሆነ ኮከብ አትፈልግ። የአክስቴ ልጅ በዚህ አይስማማም። ለእሱ ሴንተር ማለት የድሮው የሌከርስ ግዙፍ ሻኪል ኦኒል (ሻክ) ነው፣ ከዚያ በታች ያለው ሁሉ ተቀያሪ ነው።

ምልክት፦ ሴንተር አለን፣ ግን ፕሌይኦፍ ላይ ይጠፋል

ከሁሉም አስቸጋሪው ይሄ ነው። እንደገና ወደ ጎቤር ልመልሳችሁ። በ2021 የዩታ ተጫዋች ነበር፣ የዓመቱ ምርጥ ተከላካይም ተብሏል። በሁለተኛው ዙር ክሊፐርሶች አምስቱንም ከሩቅ የሚመቱ ሰዎች አሰለፉበት። ቀለበቱን ልጠብቅ ሲል ጥግ የቆመው ቴረንስ ማን ነፃ ይሆናል። ወደ እሱ ልውጣ ሲል ቀለበቱ ባዶ ይቀራል። ቴረንስ ማን በ6ኛው ጨዋታ 39 ነጥብ አገባ፣ ዩታም ወደ ቤቱ ሄደ። በ2024ም ሉካ ራሱ የምዕራብ ፍጻሜ 2ኛው ጨዋታ ላይ ጎቤርን ብቻውን አግኝቶ፣ አፈግፍጎ፣ በሦስት ነጥብ 109 ለ 108 ጨርሶበታል።

በሚቀጥለው ዓመት ያው ጎቤር ሉካ ያለበትን ሌከርስን ምን እንዳደረገው ከላይ ተናግሬያለሁ። ሰውዬው አልተለወጠም። በ2021 ክሊፐርሶች ከቀለበቱ ሥር የሚያስወጡት ተኳሾች ነበሯቸው። በ2025 ሌከርሶች እነዚያን 24 ሪባውንዶች የሚከለክለው ሰው አልነበራቸውም። «ምርጡ ሴንተር ማነው?» ስንባል «ከማን ጋር ሲጫወት?» ብለን ብንጠይቅ ግማሹ ጭቅጭቅ ይቀንስልናል።

ሂውስተን በየካቲት 2020 ወደ ሌላኛው ጫፍ ሄዶ አይተነዋል። ክሊንት ካፔላን ሸኝቶ 1 ሜትር ከ96 የሆነውን ፒጄ ታከርን ሴንተር አደረገው። በሌከርስ 4 ለ 1 ተሸነፉ። የሚገርመው ግን ያኔ ሌከርስም የራሱን ትልልቅ ሴንተሮች ቤንች ላይ አስቀምጦ ነበር። ቀጥሎ የዴንቨሩ ሴንተር ኒኮላ ዮኪች ሲመጣ ድዋይት ሃዋርድን ከቤንች አስነሱት። የተለያየ ዓይነት ሴንተር በእጅህ ከያዝክ እንዲህ መቀያየር ትችላለህ።

ምልክት፦ በወረቀት ላይ ያማረው ትሬድ አይሠራም

«ሦስት ተቀያሪ እንስጥና አንድ ኮከብ ሴንተር እንውሰድ።» ይሄን ያላለ ደጋፊ የለም። እኔ ራሴ ናፕኪን ላይ ጽፌዋለሁ። ለምን እንደማይሆን እንይ።

አንደኛ፣ አንድ ቡድን የሚይዘው 15 መደበኛ ውል ነው። ሦስት ተቀብሎ አንድ የሚሰጠው ቡድን ሁለት ክፍት ቦታ ከሌለው ሁለት ሰው ማሰናበት አለበት። ያንተን ተቀያሪ ለመቀበል የራሱን ተቀያሪ ለምን ያባርራል?

ሁለተኛ፣ ደሞዝ። ከ2023ቱ የሊጉና የተጫዋቾች ስምምነት ወዲህ ብዙ ለሚከፍሉ ቡድኖች ሁለት መስመር ተሰምሯል። የመጀመሪያውን ያለፈ ቡድን ከሚሰጠው የበለጠ ደሞዝ መቀበል አይችልም። ሁለተኛውን ያለፈ ደግሞ የሁለት ሰው ደሞዝ ደምሮ አንድ ውድ ሰው ማምጣት ተከልክሏል። የናፕኪኔ ሐሳብ እዚህ ላይ ነው የሚሞተው።

ሦስተኛው የድራፍት ምርጫ ነው። የሁለት ተከታታይ ዓመት የመጀመሪያ ዙር ምርጫ አሳልፎ መስጠት አይቻልም። ደንቡ የወጣው በ1980ዎቹ መጀመሪያ ቴድ ስቴፒየን የሚባል የክሊቭላንድ ባለቤት ምርጫዎቹን እንደ ቆሎ ስለበተናቸው ነው፣ ዛሬም በስሙ ይጠራል። ከ7 ዓመት በላይ ወደፊት ያለውን ምርጫ መስጠትም አይቻልም። በየካቲት 2025 የሌከርስ የ2029 ምርጫ በሉካ ትሬድ ለዳላስ ሄዷል። የቀረው የመጨረሻው የ2031 ነበር። እሱም ከተሰጠ የ2030 ምርጫ መሃል ላይ ይታሠራል፣ መስጠት አይቻልም፤ የመለዋወጥ መብት (ሌላው ቡድን ምርጫውን በራሱ እንዲቀይር መፍቀድ) ብቻ ነው የሚሸጠው። ከታች የምነግራችሁ የማርክ ዊሊያምስ ትሬድ ልክ እንደዚያ የተሠራ ነበር።

ምልክት፦ ትሬዱ አለቀ፣ ደስታው ግን 3 ቀን ብቻ

ሉካ በመጣ በቀናት ውስጥ ሌከርስ ከሻርሎት ማርክ ዊሊያምስን አገኘ። ወጣት ነው፣ 2 ሜትር ከ16 ነው፣ ወደ ላይ የተወረወረ ኳስ ይቀበላል። በምትኩ ዳልተን ኔክት፣ ካም ሬዲሽ፣ የ2031 የመጀመሪያ ዙር ምርጫና የ2030 የመለዋወጥ መብት ተሰጠ። የአክስቴ ልጅ ደውሎ ስልኩ ውስጥ እልል አለ። እኔም አብሬው። በሦስተኛው ቀን ዊሊያምስ የጤና ምርመራውን አላለፈም ተባለና ትሬዱ ፈረሰ። ኔክትም ሬዲሽም ሻንጣቸውን ይዘው ተመለሱ።

ምክንያቱ ከፊታችን ነበር፤ ለማየት አልፈለግንም እንጂ። ዊሊያምስ በሁለቱ የመጀመሪያ ዓመታቱ የተጫወተው 43 እና 19 ጨዋታ ነው። የውድድር ዘመኑ 82 ጨዋታ ነው። ረጅም ሰው ላይ ጀርባ፣ ጉልበትና እግር ቶሎ ያስቸግራሉ። ስለዚህ ሴንተር ስትመርጥ ነጥቡን ከማየትህ በፊት የተጫወተውን ጨዋታ ቁጠር።

ሌላም ነገር አለ። በየካቲት 2008 ሌከርስ ፓው ጋሶልን ከሜምፊስ ሲያመጣ ሁሉም «ዘረፋ ነው» አለ። ክዋሚ ብራውንንና ሁለት የመጀመሪያ ዙር ምርጫዎችን ጨምሮ ነበር የሰጠው፣ በ2009 እና በ2010 ዋንጫ በላ። ግን በዚያው ጥቅል ውስጥ ታናሽ ወንድሙን ማርክን የማስፈረም መብት ነበረበት፣ ያን ጊዜ ዞር ብሎ ያየው አልነበረም። ማርክ ጋሶል በ2013 የዓመቱ ምርጥ ተከላካይ ሆነ። ሴንተር አንዳንዴ ዘግይቶ ነው የሚበስለው።

የሌከርስ ቀዳዳስ? በ2025 ክረምት ፖርትላንድ ውሉን ያፈረሰለትን ሴንተር ዲአንድሬ ኤይተንን አስፈረሙ። ይሄም ያለ ትሬድ፣ ያለ ድራፍት ምርጫ። ኤይተን በ2018 ድራፍት 1ኛ የተመረጠ ነው። ያን ቀን ፊኒክስ እሱን ሲወስድ ያለፈው፣ 3ኛ የወጣው ልጅ ሉካ ዶንቺች ነበር። በሌከርስ ኳሷን የሚወረውርለት እሱ ሆነ።

የአክስቴ ልጅ ይሄን ስነግረው ትንሽ ዝም አለ። ከዚያ «ሻክ ግን አይደለም» አለኝ።