ኮሌስትሮል ለተገኘበት ሰው፣ አንቲኦክሲደንቱን ከእንክብል ሳይሆን ከጓዳችሁ አግኙት

የእናቴ ኤልዲኤል (መጥፎው የሚባለው ኮሌስትሮል) ከፍ ብሎ 170 ሲመጣ እኔ ሮጬ የገዛሁት የቫይታሚን ኢ እንክብል ነበር። ባትገዙት ይሻላል፣ በፈረንጆቹ 2002 እንግሊዝ ውስጥ ከ20 ሺህ በላይ ሰው ላይ የተሰራ ጥናት አንቲኦክሲደንት የሚባሉትን፣ ማለትም በኦክስጅን መበላሸትን የሚከላከሉትን ቫይታሚን ኢ፣ ሲ እና ቤታ ካሮቲን በእንክብል መዋጥ ከሃርት አታክ እንደማያድን አሳይቷል። ኤልዲኤል የደም ስር ግድግዳ ውስጥ ገብቶ ኦክሲዳይዝ ሲሆን (ከኦክስጅን ጋር ተዋህዶ ሲበላሽ) ነው ጣጣው የሚመጣው፣ እሱን ደግሞ በምግብ ነው መታገል ያለብን።

መጀመሪያ ዘይቱን ቀይሩ። የሚረጋው የፓልም ዘይት ግማሽ ያህሉ ሳቹሬትድ ፋት (ኤልዲኤል የሚጨምር ስብ) ነው፣ እሱ እየፈሰሰበት የተሰራ የጾም ወጥ ጾም ስለሆነ ብቻ ለልብ አይስማማም። እኛ ጎንደር ኑግ አገር ነን እኮ፣ የኑግ ዘይት ካገኛችሁ እሱን፣ እሱንም ቆጠብ አድርጋችሁ፣ ቅቤውን ለበዓል።

ቀጥሎ ተልባ። ከቅዳሜ ገበያ ስትገዙ ለቀም አድርጉት፣ በስሱ ቁሉት፣ መንጣጣት ሲጀምር ቶሎ አውርዱት ከዛ ውቀጡት፣ ሳይደቅ ከተዋጠ እንዳለ ነው የሚወጣው። ሁለት የሾርባ ማንኪያ በትልቅ ብርጭቆ ውሃ በጥብጡ፣ ስኳር የለም ማር የለም፣ አጥልላችሁም አተላውን አትድፉት ኦሜጋ 3 የሚባለው ጥሩ ስብ ያለው እሱ ውስጥ ነው። የሳምንት ብቻ ውቀጡ፣ ከቆየ ዘይቱ ይበላሻል፣ ሽታው ይነግራችኋል። ከመድሃኒት ሁለት ሰዓት ያህል አራርቁት።

ጎመን እንደኛ ቤት ሁለት ሰዓት አይቀቀልም፣ አረንጓዴነቱ ሳይጠፋ አውርዱት፣ ነጭ ሽንኩርት ጣል፣ ሎሚውን ከእሳት ከወረደ በኋላ ጭመቁበት፣ ቫይታሚን ሲ ሙቀት አይወድም። ቲማቲም ግን በትንሽ ዘይት ሲበስል ነው ሊኮፒን የሚባለው አንቲኦክሲደንት ደህና የሚወጣው። ቀይ ሽንኩርት ስትልጡ ደግሞ ኬርሴቲን የሚባለው አንቲኦክሲደንት የሚበዛው ላይኛው ሽፋን ላይ ስለሆነ ደረቁን ልጣጭ ብቻ አንሱ።

ቡና ላይ ትጣሉኝ ይሆናል፣ ግን ያልተጣራ ፍል ቡና ካፌስቶል የሚባል የቡና ቅባት አለው፣ እሱ ኤልዲኤል ይጨምራል። እናቴን አቁሚ አላልኳትም፣ ከሶስቱ አቦል ብቻ ትጠጣለች ጀበናው በደንብ እስኪሰክን ትጠብቃለች።

ሐኪም አቶርቫስታቲን የሚባለውን የኮሌስትሮል መድሃኒት ካዘዘላችሁ በተልባ ተክቼዋለሁ ብላችሁ እንዳታቆሙ፣ በፍጹም፣ ተልባው ደጋፊ ነው። ዋርፋሪን (ደም እንዳይረጋ የሚሰጥ መድሃኒት) የምትወስዱ ደግሞ ጎመን በአንድ ጊዜ አታብዙ፣ የመድሃኒቱን ስራ ይቀንሰዋል፣ መጀመሪያ ሐኪማችሁን አማክሩ። ከ2 እስከ 3 ወር ባለው ጊዜ ድጋሚ ተመርመሩ፣ የድሮውን የላብራቶሪ ወረቀት አትጣሉ ይዛችሁት ሂዱ።