ፍሬን የግንቦት ሐሩር እንዳያቃጥለው

ከሸዋ ሮቢት እስከ አጣዬ ባለው ቆላ ማንጎና ፓፓያን አብዝቶ የሚፈትነው ከሚያዝያ እስከ ሰኔ ያለው ጊዜ ነው፤ በተለይ በልጉ ከቀረ። ብዙ ችግኝ የሚደርቀው ደግሞ ውሃ ሳያገኝ ቀርቶ ሳይሆን በየቀኑ ጥቂት ጥቂት ሲረጭለት ነው። የላዩ አፈር ብቻ ስለሚርስ ሥሩ እዚያው ይቀራል፤ ሁለት ቀን ከታለፈ አብሮት ይጠበሳል።

አራርቆ፣ ግን አጥልቆ ማጠጣት ነው ደጉ። ለአንድ ዓመት ችግኝ አንድ ባለ 20 ሊትር ጀሪካን ይበቃል። ግማሹን አፍስሱ፤ ሲሰርግ ቀሪውን ድገሙ። አሸዋማ መሬት በየ4 ቀኑ፣ መረሬ (ጥቁር የሸክላ አፈር) በየ7 እና 8 ቀኑ ይፈልጋል። ቀን ከመቁጠር ግን አፈሩን ማየት ይሻላል፦ 15 ሳንቲ ሜትር ቆፍራችሁ ጨብጡት፤ ከተድበለበለ ይቆይ፣ ከተበተነ አጠጡ። ቀትር ላይ የጠወለገ ቅጠል አያስደንግጣችሁ፤ ማለዳም እንደጠወለገ ከተገኘ ግን ጠምቶታል። ውሃው በንጋት ወይም አመሻሽ ላይ፣ ከግንዱ 40 ሳንቲ ሜትር ያህል ርቆ በተቆፈረ ክብ ቦይ ይግባ። ፓፓያ ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት ይበሰብሳል።

ወዲያው ጉዝጓዝ አልብሱት፤ ውፍረቱ ከ8 እስከ 10 ሳንቲ ሜትር ይሁን። የጤፍ ጭድ ለከብት ስለሚፈለግ የደረቀ የሙዝ ቅጠልና ሣር ይተካዋል። ከግንዱ አንድ ስንዝር አርቁት። በየሳምንቱ ገለጥ አድርጋችሁ እዩ፤ ቆላ ነውና ምስጥ አይጠፋም፤ ጉዝጓዙ ግንዱን ከነካ ተሸሽጎ ልጡን ይበላል።

ልጡን የሚሰነጥቀው የከሰዓት ፀሐይ ነው። 1 ኪሎ ኖራ በ2 ሊትር ውሃ በጥብጣችሁ ግንዱን ቀቡት። ለአዲስ ችግኝ በምዕራብ በኩል ብቻ የቅጠል ከለላ አቁሙለት፤ ዙሪያውን ከታፈነ ይቀጥናል።

ወይን ላይ ዘለላውን የሚያጠሉትን ቅጠሎች አትቀንጥሱ፤ ፍሬው በፀሐይ ይነድዳል። ፓሽን ፍሩት ሥሩ ላይ ላዩን ስለሚሄድ ከማንጎ ቶሎ ቶሎ ይጠጣል፤ ከተረሳ አበባውን ያረግፋል።

ዩሪያ በዚህ ወቅት አይጨመር፤ የሚያወጣው ለጋ ቅጠል ሙቀቱን አይችልም። ብርቱካን ለረጅም ጊዜ ተጠምቶ ከቆየም በአንድ ጊዜ አታጥግቡት፣ ፍሬው ይሰነጠቃል፤ መጀመሪያ ከተለመደው ውሃ ግማሹን፣ ከሁለት ቀን በኋላ ሙሉውን ስጡት።