የገጠር ትምህርት ቤት የስፖርት ቀን፦ ድሬዳዋና ሐረር ዙሪያ የሚደጋገሙ ስህተቶች

አንድ ትምህርት ቤት የስፖርት ባህል አለው ለማለት የዘንድሮው ውድድር ከአምናው ጋር መነጻጸር መቻል አለበት። ሜዳው በየዓመቱ በእርምጃ እየተለካ ርቀቱ ከተለዋወጠ፣ ቡድኖቹ በየዓመቱ እንደ አዲስ ከተመደቡ፣ አምና 200 ሜትር ያሸነፈችው ልጅ በስንት ሰከንድ እንደገባች የሚነግር መዝገብ ከሌለ፣ ሁሉም ነገር በየዓመቱ ከዜሮ ይጀምራል። እዚህ የተዘረዘሩት ስህተቶች ከ150 እስከ 300 ተማሪ ያለው፣ አንድ የሰውነት ማጎልመሻ መምህር ያለው ወይም ጭራሽ የሌለው ትምህርት ቤት ላይ የሚታዩ ናቸው። አብዛኞቹን ለማረም ገንዘብ አያስፈልግም፤ ሜትር፣ ካስማ፣ ሽቦና አንድ ከሰዓት ይበቃል።

ቀኑን "ሲመቸን" ብሎ መተው

"ሲመቸን" የተባለ ውድድር አንድ ዓመት ይዘለላል፣ ከዚያ ይረሳል። በአካባቢው ማሽላ የሚታጨደው በኅዳርና በታኅሣሥ ነው፤ ያን ጊዜ ከላይኛው ክፍል ብዙ ልጅ ማሳ ላይ ነው። በመጋቢትና በሚያዝያ ደግሞ የበልግ ዝናብና የዘር ሥራ ይመጣል። ስለዚህ ደንቡ አንድ ዓረፍተ ነገር ይሁን፦ አጨዳው ካለቀ በኋላ፣ የመንፈቀ ዓመቱ ፈተና ከመጀመሩ በፊት ያለው ቅዳሜ። ረመዳን በየዓመቱ በ11 ቀን ገደማ እየቀደመ ስለሚመጣ የጾሙን ወር ቀድሞ ማየትና ውድድሩን ከጾሙ በፊት ማድረግ ያስፈልጋል። የቀበሌው ገበያ ቅዳሜ የሚውል ከሆነም ሌላ ቀን ይመረጥ፤ በገበያ ቀን ወላጅም ልጅም አይገኝም። ዓርብን ግን ተዉት፤ የጁምዓ ሰላት ፕሮግራሙን ከመሀል ይቆርጠዋል።

ሁሉንም ለእግር ኳስ መስጠት

ድሬዳዋ በ1968 ዓ.ም. የአፍሪካ ዋንጫ የምድብ ጨዋታዎችን ያስተናገደች ከተማ ናት፤ የኳስ ፍቅሩ የሚገርም አይደለም። ነገር ግን 250 ተማሪ ባለበት ትምህርት ቤት ቀኑ በአንድ የእግር ኳስ ግጥሚያ ከተያዘ 22 ልጅ ይጫወታል፣ 228ቱ ፀሐይ ላይ ይቆማል። ኳሱ ይኑር፤ ግን 40 ሜትር በ25 ሜትር በሆነ ሜዳ፣ በአንድ ወገን አምስት ልጅ፣ 10 ደቂቃ በ10 ደቂቃ ይሁን። እንዲህ ሲሆን በአንድ ጠዋት ብዙ ቡድን ይደርሰዋል። ከ12 ዓመት በታች ላሉት 4 ቁጥር ኳስ ስጡ። 5 ቁጥሩ ለትንሽ እግር ከባድና ትልቅ ነው።

ክፍል ከክፍል ማጋጠም

ትንሽ ትምህርት ቤት ውስጥ አምስተኛ ክፍልን ከስምንተኛ ማጋጠም ውጤቱን ከወዲሁ መናገር ነው። ትምህርት ቤቱን በአራት ቀለም ክፈሉት፦ ቀይ፣ አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ሰማያዊ። በየቀለሙ ከየክፍሉ እኩል ልጅ ይግባ። ልጁ አንዴ ቀይ ከሆነ ትምህርቱን እስኪጨርስ ቀይ ነው፤ ታናሽ ወንድሙና እህቱም ሲመጡ ቀይ ይሆናሉ። ቤተሰብ ሜዳ ድረስ የሚመጣው በዚህ ነው፤ ቀለሙ የቤት ይሆናል።

ምድቡንም በክፍል አታድርጉ። ገጠር ውስጥ ዘግይቶ ትምህርት የሚጀምር ልጅ ብዙ ስለሆነ አንድ አምስተኛ ክፍል ውስጥ የ11 ዓመትና የ15 ዓመት ልጅ ጎን ለጎን ይቀመጣሉ። የልደት ወረቀት ከመፈለግ የበሩ መቃን ላይ 1 ሜትር ከ40 እና 1 ሜትር ከ55 ላይ ምልክት አድርጎ ልጆቹን በቁመት በሦስት መመደብ ይቀላል፤ ክርክርም አያስነሳም። የሴቶች ውድድር "ጊዜ ከተረፈ" ተብሎ መጨረሻ ላይ ሲቀመጥ ሁልጊዜ ይሰረዛል። ስለዚህ ከወንዶቹ ጋር እየተፈራረቀ ይሂድ። ሒጃብ የለበሱ ልጆች መርፌ ቁልፉን አውጥተው በቋጠሮ ይሰሩት፤ የሚቀይሩበት አንድ ክፍልም ከጠዋት ጀምሮ ለእነሱ ብቻ ክፍት ይሁን።

ርቀትን በእርምጃ መለካት

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። የአንዱ መምህር እርምጃ 80 ሳንቲ፣ የሌላው 70 ሳንቲ ቢሆን በ100 እርምጃ ላይ 10 ሜትር ልዩነት ይመጣል። መምህሩ ሲቀየር የትምህርት ቤቱ ክብረ ወሰን አብሮ ዋጋ ያጣል። የ50 ሜትር ሜትር ካልተገኘ የማይለጠጥ የአጥር ሽቦ በአናጺ ሜትር ለክቶ ምልክት ማድረግ ይቻላል። ናይለን ሲባጎ ግን ሲወጠር ስለሚረዝም አይሆንም።

ዙሩ 200 ሜትር የሆነ የሩጫ ሜዳ ለመስራት 90 ሜትር በ40 ሜትር ቦታ ይበቃል፤ ስፋታቸው 1 ሜትር የሆነ አራት መሞች፣ ማለትም እያንዳንዱ ሯጭ የሚሮጥባቸው መንገዶች፣ ይወጡበታል። መጀመሪያ ርዝመቱ 50 ሜትር፣ ወርዱ 31 ሜትር ከ44 ሳንቲ የሆነ አራት ማዕዘን በካስማ ትከሉ። ከማዕዘን ማዕዘን በሰያፍ ስትለኩ ሁለቱም 59 ሜትር ከ6 ሳንቲ መምጣት አለባቸው። ካልመጡ ማዕዘኑ ተዛብቷልና ካስማውን አንቀሳቅሱ። ከዚያ በእያንዳንዱ አጭር ጎን መሀል ላይ ካስማ ተክላችሁ፣ ርዝመቱ 15 ሜትር ከ72 ሳንቲ የሆነ ሽቦ አስራችሁ ወደ ውጭ ግማሽ ክብ አዙሩ። ያ የውስጠኛው መስመር ነው። ልጅ መስመሩን እየረገጠ ስለማይሮጥ፣ ከመስመሩ 20 ሳንቲ ወጣ ብሎ ሲለካ ዙሩ ልክ 200 ሜትር ይሆናል። የሌሎቹ መሞች መስመሮች ከዚሁ መሀል ሽቦውን በ1፣ በ2፣ በ3 እና በ4 ሜትር እያስረዘሙ ይሳላሉ።

ሥራው ሲያልቅ ሁለቱ መሀል ካስማዎች ይነቀሉና በቦታቸው ፌሮ ይተከል፤ ጫፉ ከመሬት 5 ሳንቲ ዝቅ ብሎ በአፈር ይሸፈን፣ አለበለዚያ እግር ይጎዳል። የእያንዳንዱ ፌሮ ርቀት ከመማሪያ ክፍሉ ሁለት ማዕዘኖች ተለክቶ መዝገብ ላይ ይጻፍ። በሚቀጥለው ዓመት በግማሽ ሰዓት ተመልሶ ይገኛል።

በመታጠፊያ ሩጫ ሁሉንም በአንድ መስመር ማስነሳት

ሙሉ ዙር በየመሙ ሲሮጥ ሁለተኛው መም ላይ ያለው ልጅ ከመጀመሪያው 6 ሜትር ከ28 ሳንቲ ይበልጥ ይሮጣል፤ አራተኛው ደግሞ ወደ 19 ሜትር። 200 ሜትርን በ35 ሰከንድ ለሚሮጥ ልጅ ይህ ከ3 ሰከንድ በላይ ነው። ልጆቹ ይህን ያውቁታል፤ የውስጡን ቦታ ለመያዝ የሚገፋፉት ለዚህ ነው። መነሻውን አስቀድሙላቸው፦ ሁለተኛው መም 6.28፣ ሦስተኛው 12.57፣ አራተኛው 18.85 ሜትር ወደ ፊት። ግማሽ ዙር ብቻ ከሆነ ግማሹን ውሰዱ። ሜዳው ቢሰፋም ቢጠብም ይህ ቁጥር አይለወጥም፤ የሚወስነው የመሙ ስፋት ብቻ ነው። ከአንድ ዙር በላይ በሆነ ሩጫ ግን በየመሙ ማስሮጥ አያስፈልግም፤ ልጆቹ እንደ ቀስት ከጎበጠ አንድ መስመር ተነስተው ወደ ውስጥ ይግቡ።

ሰዓትን በፊሽካ ድምፅ መጀመር

ድምፅ 100 ሜትር ለመጓዝ 0.3 ሰከንድ ገደማ ይፈጅበታል። መድረሻው ላይ የቆመው ሰዓት ያዥ ድምፁን ጠብቆ ከጀመረ እያንዳንዱ ልጅ ከሮጠው በፈጠነ ሰዓት ይመዘገባል። መፍትሔው ሁለት ጣውላ በማጠፊያ ማያያዝና ፊቱን ነጭ መቀባት ነው፤ አስነሺው ሲያጋጨው ሯጩ ይሰማል፣ ሰዓት ያዡ ያያል። አንደኛ የሚወጣውን ልጅ ሰዓት ሦስት ሰው በስልክ ይያዝና መካከለኛው ሰዓት ይወሰድ። መድረስ የሚቆጠረው በደረት ነው፤ እጅ ወይም ጭንቅላት ቢቀድም አይቆጠርም። ልጆቹ አፋን ኦሮሞ፣ ሶማሊኛ ወይም ሐረሪ የሚናገሩ ሲሆኑ የማስነሻው ቃል በየትኛው ቋንቋ እንደሚሆን ቀድሞ ተስማምቶ ለሁሉም ማለማመድ ያስፈልጋል፤ ቃሉን ያልለመደ ልጅ ጓደኛው ሲነሳ አይቶ ነው የሚነሳው።

ያልተጠፋ ኖራ መበተን

ውኃ ያልጠጣ ኖራ ላብና እንባ ሲያገኝ ይግላል፣ ያቃጥላል፤ ዓይን ውስጥ ከገባም ያሳውራል። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ልጅ ባለበት ሜዳ ጨርሶ መግባት የለበትም። የጠፋ ኖራ ወይም የተነፋ አመድ ይበቃል፤ ሲበተንም ነፋሱን ጀርባ ሰጥቶ ነው። መስመሩ ከመሰመሩ በፊት፣ በዋዜማው፣ ተማሪዎቹ ትከሻ ለትከሻ ተሰልፈው ሜዳውን ከዳር እስከ ዳር እየተራመዱ ድንጋይ፣ ጠርሙስና እሾህ ይልቀሙ። የግራርና ፕሮሶፒስ የተባለው ቁጥቋጦ እሾህ ኮንጎ ጫማን በቀላሉ ይበሳል።

የርዝመት ዝላይ ጉድጓድ ዳር ድንጋይ መደርደር

ለማማር ተብሎ የሚደረደረው ድንጋይ ላይ ቁርጭምጭሚት ይሰበራል። ጉድጓዱ 6 ሜትር ርዝመት፣ 2 ሜትር ከ75 ስፋት፣ ቢያንስ 35 ሳንቲ ጥልቀት ይኑረው፤ አሸዋው ከመንደርደሪያው ጋር እኩል እስኪሆን ይሞላ። ይህ ወደ 6 ሜትር ኪዩብ አሸዋ ነው፤ በአህያ የሚመጣ ከሆነ ሥራው ከወር በፊት ይጀመር። ከደረቅ ወንዝ የሚመጣው አሸዋ ጠጠር ስለሚበዛው በወንፊት ሽቦ ይነፋ። በየዙሩ መሀል በአካፋ ይገልበጥ፤ የተረገጠ አሸዋ እንደ መሬት ይጠነክራል። ትንንሽ ልጆች የመዝለያው ጣውላ ላይ መርገጥ ስለሚያቅታቸው 1 ሜትር ስፋት ያለው መዝለያ ቦታ ነጭ አድርጋችሁ ከረገጡበት ጫፍ ለኩላቸው፤ ሁሉም ዝላይ ይቆጠርላቸዋል።

ከዚህ ጋር የሚያያዝ ሌላም አለ፦ ሜዳ ሲጠፋ ደረቁን ወንዝ ሜዳ ማድረግ። አሸዋው ለስላሳና ሰፊ በመሆኑ ያጓጓል። ግን ጎርፉ የሚመጣው ከላይ ከደጋው ነው፤ እታች ሰማዩ ጥርት ብሎ ሳለ ይደርሳል። በ1998 ዓ.ም. ክረምት የደቻቱ ወንዝ ሌሊት ሞልቶ ድሬዳዋ ውስጥ ከ200 በላይ ሰው ገድሏል። በዝናብ ወራት ልምምድም ቢሆን ወንዝ ውስጥ አይደረግ።

በቀጭን ገመድ ጉተታ ማድረግ

የአህያ ጭነት የሚታሰርበት ናይለን መዳፍ ይቆርጣል፤ ሲበጠስም ተመልሶ ይገርፋል። ገመዱ ውፍረቱ ከ3 ሳንቲ ያላነሰ ይሁን። በአንድ ወገን ስምንት ልጅ ይበቃል፤ "ሁላችሁም ግቡ" ሲባል 30 ልጅ በየወገኑ ይሰለፍና ገመዱ ከሚችለው በላይ ይሳባል። ማንም ልጅ ገመዱን እጁ ወይም ወገቡ ላይ አይጠምጥም፣ ቋጠሮና ቀለበትም አይኑርበት፤ ጣት የሚቆረጠው እንደዚህ ነው። ቡድኑ በቁጥር ብቻ ሳይሆን በክብደትም ይመጣጠን፤ ከወፍጮ ቤት ሚዛን መዋስ ይቻላል።

ሩጫውን በቀትር ማድረግና ውኃውን አለመቁጠር

ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር አካባቢ ከፍታ ላይ ናት፣ ሐረር በ1,900 ገደማ። ሐረር ዙሪያ፣ ሶፊ ወይም ድሬ ጠያራ ያለ ትምህርት ቤት እስከ 5 ሰዓት ሊቀጥል ይችላል፤ ድሬዳዋ ዙሪያ፣ ወደ ጀልዴሳ ቆላ ያለው ግን ከጠዋቱ 1 ሰዓት ጀምሮ በ4 ሰዓት መጨረስ አለበት። ረጅሙ ሩጫ መጀመሪያ ይሁን፤ ኳስና ዝላይ ከዚያ ይከተሉ። ውኃውን በቁጥር አዘጋጁ፦ ለ200 ተማሪ በነፍስ ወከፍ 1 ሊትር ተኩል ቢታሰብ 300 ሊትር፣ ማለትም ባለ 20 ሊትር 15 ጀሪካን ነው። ልጆቹ የየራሳቸውን ሃይላንድ ይዘው ይምጡ፣ አንድ ኩባያ ለሁሉም አይዙር። በየ20 ደቂቃው ጥቂት ጥቂት መጠጣት ይሻላል።

ልጅ ሲደናበር፣ ስሙን ሲጠየቅ የማይገናኝ መልስ ሲሰጥ ወይም እግሩ ሲተሳሰር ሙቀት መትቶታል። ላብ ስላለው ደህና ነው ብሎ መተው ስህተት ነው። ወዲያው ጥላ ውስጥ ማስተኛት፣ የላይ ልብሱን ማላላት፣ ሰውነቱን በውኃ ማርጠብና ማራገብ፣ እየቀዘቀዘም ወደ ጤና ጣቢያ መውሰድ ይገባል። ራሱን ላላወቀ ልጅ ውኃ በአፉ አይሰጥ፤ ትን ይለዋል።

እንግዳን መጠበቅም እዚሁ ይገባል። የክብር እንግዳው እስኪመጣ ልጆቹ ተሰልፈው ሲቆሙ የጠዋቱ አየር ያልቃል። ሩጫው በሰዓቱ ይጀመር፣ ንግግሩ ሽልማት ላይ ይሁን።

ሽልማትን ለአንድ ሰው መስጠት

ውድ ዋንጫ ገዝቶ ለአንደኛው ብቻ ከመስጠት ደብተርና እስክሪብቶ ለብዙ ልጅ ማዳረስ ይሻላል። ነጥብ ለቀለሙ ይሰጥ፦ አንደኛ 5፣ ሁለተኛ 3፣ ሦስተኛ 2፣ ሩጫውን ለጨረሰ ሁሉ 1። የመጨረሻው ነጥብ ዋጋው ትልቅ ነው፤ ኋላ የቀረው ልጅ እንዳያቋርጥ ቀለሙ ራሱ ይጮህለታል።

ውጤቱን በወረቀት ጽፎ መጣል

ጠንካራ ልባስ ያለው አንድ መዝገብ ግዙ። ለእያንዳንዱ ውድድር ዓመተ ምሕረቱ፣ የቁመት ምድቡ፣ የልጁ ስምና ቀለም፣ ሰዓቱ ወይም ርዝመቱ፣ የሰዓት ያዦቹ ፊርማ ይስፈር። የመጀመሪያው ገጽ ላይ የፌሮዎቹ ልክ፣ የመሞቹ ስፋትና የመነሻዎቹ ቁጥር ይጻፍ። መዝገቡ በመምህሩ ቤት ሳይሆን በርዕሰ መምህሩ ቢሮ ከሌሎች የትምህርት ቤቱ መዝገቦች ጋር ይቀመጥ፤ መምህሩ ሲዛወር ከገመዱ፣ ከጣውላውና ከሜትሩ ጋር በርክክብ ፊርማ ለሚተካው ይተላለፍ።