ቱታው ታጥቦም ለምን ይሸታል?

አንድ ጊዜ የጋራዥ ቱታ ከልጅ ፎጣ ጋር ዘፍዝፌ ነበር። ፎጣው ሳምንት ሙሉ ግራሶ ግራሶ ሸተተ። ከዚያ ወዲህ ለሥራ ልብስ የራሱ ሳፋ አለው።

ችግር፦ ቱታው ደርቆም ናፍጣ ወይም ግራሶ ይሸታል።
ብዙ ጊዜ ስህተቱ ቱታውን መጀመሪያ ውሃ ውስጥ መክተት ነው። ጨርቁ ውሃ ከጠጣ በኋላ ሳሙናው ቅባቱን እንደ ልብ አያገኘውም። ስለዚህ በደረቁ፣ ቅባቱ ያለበት ቦታ ላይ የዕቃ ማጠቢያ ፈሳሽ ሳሙና አፍስሱና እሹት። 20 ደቂቃ ያህል ይቆይ። ከዚያ በሙቅ ውሃና በኦሞ እጠቡት። ካልለቀቀ ድገሙት። በቤንዚን ማጠብ ግን ይቅር። ቅባቱን ያለቅቃል፣ እውነት ነው፤ ትነቱ ግን አጠገቡ ከሰል ወይም ክብሪት ካለ ቤት ያቃጥላል።

ችግር፦ የብየዳ ልብስ ብልጭታ ሲያርፍበት ይያያዛል።
መጀመሪያ መለያውን እዩ። ፖሊስተር ከሆነ ጥፋቱ የእጥበት አይደለም፤ ፖሊስተር ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል፣ ለብየዳ አይለበስም። እሳት እንዳይይዘው የታከመ ጥጥ ከሆነ ደግሞ ሦስት ነገር ጠርጥሩ፦ በረኪና፣ የጨርቅ ማለስለሻ፣ ደረቅ ሳሙና። በረኪና ያበላሸው አይመለስም፣ ልብሱን ቀይሩ። ማለስለሻ የሚነድ ነገር ጨርቁ ላይ ይተዋል። ደረቅ ሳሙናም ጨዋማ በሆነ የጉድጓድ ውሃ ሲታጠብበት እንዲሁ ቅባት ያለው ዝቃጭ ይተዋል። እነዚህ ሁለቱ በኦሞና በተደጋጋሚ ማለቅለቅ ሊለቁ ይችላሉ። "ለቅቆ ይሆን?" ብሎ ክብሪት ጭሮ መሞከር ግን የለም።

ችግር፦ የፀረ-ተባይ መድኃኒት ርጭት ልብስ ያጠበችው ሴት ራሷን ያማታል፣ ያቅለሸልሻታል፣ እጇን ያሳክካታል።
ይሄኛው ላይ ትንሽ ልቆይ። መቂና ባቱ አካባቢ ቲማቲምና ሽንኩርት የሚረጨው ባል ነው፤ ልብሱን የምታጥበው ሚስት ናት። እሱ ጓንት ሲያደርግ እሷ ባዶ እጇን ትነክራለች። ፀረ-ተባዩ ደግሞ በቆዳ ይገባል።

ሕመሙ ከተሰማት እጥበቱን ታቁም፣ የረጠበውን ልብሷን ታውልቅ፣ ገላዋን በሳሙና ትታጠብ። ከዚያ የመድኃኒቱን መለያ ይዛችሁ ጤና ጣቢያ ሂዱ። ሐኪሙ የሚፈልገው ስሙን ነው።

ለሚቀጥለው፦ ልብሱ በተረጨበት ቀን ይታጠብ፤ ሲያድር ማስለቀቁ ይከብዳል። የጎማ ጓንት አድርጉ። መጀመሪያ ያለ ሳሙና አለቅልቁት፣ ውሃውን ድፉት፣ ቀጥሎ በሙቅ ውሃና በኦሞ ሁለት ጊዜ እጠቡት። እጣቢው ወንዝ፣ ቦይ ወይም ጉድጓድ አጠገብ አይደፋ። ልብሱ ፀሐይ ላይ ለብቻው ይሰጣ። በማሽን ካጠባችሁ ቀጥሎ ማሽኑን ባዶውን በሙቅ ውሃና በኦሞ አሽከርክሩት። በረኪና መድኃኒቱን ያጠፋዋል ብላችሁ አትመኑ። የመድኃኒቱን ባዶ ጀሪካን ቆርጦ ሳፋ ማድረግማ፣ አይቻለሁ፣ ጭራሽ አይሆንም።

ያልተበጠበጠ መድኃኒት የፈሰሰበት ልብስ ግን አይታጠብም። አታቃጥሉትም። በላስቲክ አስራችሁ ከባዶ ጀሪካኖቹ ጋር ለይታችሁ አስቀምጡና የቀበሌውን የግብርና ባለሙያ አማክሩ። የቆዳ ጓንትና ጫማም መድኃኒቱን ከመጠጡ አይጸዱም።

ችግር፦ ከሲሚንቶ ሥራ የመጣው ልብስ ሲራገፍ ያስላል።
አታራግፉት፤ በኮምፕረሰር አየርም አትንፉት። አቧራው ሳንባ ይገባል። ውጭ በቀስታ አርጥቡትና እጠቡት።

ችግር፦ አንጸባራቂው ሰደርያ ማታ አይታይም።
በብሩሽ መፈግፈግ፣ በረኪናና ካውያ መስመሩን ይጨርሱታል። ጨለማ ክፍል ውስጥ ስቀሉትና የስልካችሁን መብራት ዓይናችሁ አጠገብ ይዛችሁ ከሩቅ አብሩበት። ካላበራ፣ ገና አዲስ ቢመስልም ለመንገድ ሥራ አይሆንም።